ስለ አንድ የእጅ ባትሪና ስለ ሁለት ድንጋዮቹ

ነሐሴ 12 ቀን 1963 ዓ.ም.
አቃቂ

ለተከበሩ አቶ ካሳሁን እንግዳወርቅ
የቀይ አፈር ጨው መጋዘን የንብረት ክፍል ሹም

ጉዳዩ፦ የሟች ወንድሜን ባትሪ ስለ ማስረከብ

ክቡርነትዎ የዘንድሮን ክረምት እንደምን ያዙት? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ፊርማ የምታኖረው ቀኝ እጅዎ ደህና እንደሆነች ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ ቀናው ወልደሚካኤል እባላለሁ። በመጪው መስከረም አሥራ አንደኛ ክፍል የምገባ ተማሪ ስሆን፣ ሐምሌ 9 ቀን ማለዳ ወደ መጋዘንዎ በሚገባው ሐዲድ መጨረሻ፣ በፉርጎና በግንብ መካከል የሞተው የአምባው ታናሽ ወንድም ነኝ። ለእናቴ ለወይዘሮ መሰለች የላኩትን ደብዳቤ እሷ ፊደል ስላልቆጠረች ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ደብዳቤው አምባው ለሥራ ተሰጥቶት የነበረውን የእጅ ባትሪ «ከነድንጋዩ» በአሥር ቀን ውስጥ እንድንመልስ ያዛል። አርባው ሳይወጣ ስላስታወሱን እናመሰግናለን፤ ዘመድ እንኳ እንዲህ አዘውትሮ አላሰበንም። መልሴን ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት፣ የእርስዎ ቀልድ ሁልጊዜ በሰው ፊት የሚነገር ስለሆነ የእኔም ምስጋና በጓሮ በር እንዳይገባ ብዬ ነው። ከማስረከቤ በፊትም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ አማርኛ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። የወንድሜ ሥራ ባቡሩ ፉርጎዎቹን ወደ ኋላ እየገፋ ሲገባ ከግንቡ ፊት ቆሞ ባትሪ እያወዛወዘ ነጂውን ማስቆም እንደነበር ያውቃሉ። በግንቦት ባትሪው ሲደክምበት «ለሥራ የሚያገለግል ድንጋይ ሁለት እንዲሰጠኝ» ብሎ አመለከተ። ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ባለው ሱቅ ሁሉ ገብቶ ድንጋይ ስጡኝ ያለን ሰው ባለሱቁ ባትሪህ ስንት ይጎርሳል ይለዋል እንጂ ጎንበስ ብሎ ኮረት አያነሳለትም። እርስዎ ግን በማመልከቻው ግርጌ በቀይ ቀለም «ተፈቅዷል፤ ከሐዲዱ ዳር ሁለት ድንጋይ መርጦ ይውሰድ» ብለው ፈረሙበትና ለጸሐፊዎችዎ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ሁሉም ሳቁ። አምባውም አብሮ እንደ ሳቀ ነግሮኛል፤ የአለቃ ቀልድ ሲሆን መሳቅም ከሥራው ይቆጠራልና።

፪. ቀጥሎ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በሰኔ ወር ወንድሜ ስህተቱን አርሞ፣ በጉልህ ፊደል «የባትሪ ድንጋይ» ብሎ እንደገና ቢያመለክት፣ «አመልካቹ ከዚህ ቀደም ድንጋይ ስለተፈቀደለት በድጋሚ አይሰጠውም» የሚል መልስ አገኘ። ንብረት እንዲህ ነው የሚጠበቀው። ከዚያ ወዲያ አምባው የደከሙትን ድንጋዮች ፀሐይ ላይ እያሰጣ፣ ሐምሌ ገብቶ ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ እናቴ ሌሊቱን ብብቷ ውስጥ አሙቃ ጠዋት እየሰጠችው ይሠራ ነበር። ነጂው አቶ ሁንዴ «አምባው፣ ባትሪ ነው የያዝከው ወይስ ሲጋራ ነው የምታጨሰው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሐምሌ 9 ቀን ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ መጋዘኑን በሸፈነበት ሰዓት፣ አቶ ሁንዴ ከግንቡ በኩል አንዲት ቀይ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ስትል አይተዋል። የጨው ተሸካሚ ሲጋራ መስሏቸው ገፉ። ግራና ቀኙ በጨው ጆንያ የታጠረ ስለነበር ወንድሜ የሚሸሽበት አልነበረውም። ጆንያዎቹን እዚያ ስላስደረደሩልንም በዚሁ ቁጥር ሥር አመሰግናለሁ።

፫. ስለ መስተንግዶዎ። የአደጋውን ወረቀት ልቀበል ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ዓይኔ ከወንበርዎ ጀርባ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ከተደረደሩት ዘጠኝ ባትሪዎች ላይ ማረፉን አይተው፣ ሐዘኔን ለማስረሳት አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ባትሪ አመራረጥ አስተማሩኝ። ማታ ከቢሮ ሲወጡ ከሰዓትዎና ከመነጽርዎ ጋር ከዘጠኙ አንዱን ኮትዎ ኪስ ሳይከቱ እንደማይወጡ፣ ቀፎው ነሐስ እንጂ ጨው የሚበላው ቆርቆሮ መሆን እንደሌለበት፣ ማብሪያው በእርጥብ አውራ ጣትም ቢሆን ቀጭ ማለት እንዳለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሩ ባትሪ እጅ ላይ የሚከብድ እንደሆነ፣ ከቀለለ መጫወቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ድንጋይ ውስጡ ከከረመ እያፈሰ ቀፎውን እንደሚያበላሽም ነግረውኝ፣ የመጋዘኑ ማህተም ካለበት ካርቶን ወረቀታቸው ያልተላጠ ድንጋዮች ከመሳቢያዎ እያወጡ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አጎረሱና በረፋዱ ብርሃን ጣሪያውን አበሩበት። አሥራ ስምንት ቆጠርኩ። ጣሪያዎ ምንም ጉድለት አልነበረበትም።

ወንድሜም ባትሪ መምረጥ ያውቅ ነበር። በወጣን ቁጥር ሳሪስ ሱቆች ገብቶ ቂጡን ይፈታል፣ ሞላውን በጣቱ ይጫናል፣ መስታወቱን እፍ ብሎ በሸሚዙ ይወለውላል፤ ከዚያ ለባለሱቁ ይመልስለታል። እርስዎ ከነገሩኝ መስፈርት አንዱን ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ከፉርጎው ማዶ ያለ ሰው ያየዋል ወይ የሚለውን። ይህን ከእርስዎ ስላልሰማሁ ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል።

፬. በመጨረሻ ስለ ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ብዕር፣ በተከታታይ ቁጥር ነው የጻፏቸው። ከቢሮዎ የተቀበልኩት የአደጋ ወረቀት፣ ቁጥር 211፣ «ሟቹ መብራት ሳይዝ በመቆሙ በራሱ ቸልተኝነት ሞቷል» ይላል። ለእናቴ የመጣው ቁጥር 212 ደግሞ በሞተበት ሰዓት በእጁ የነበረውን መብራት መልሱ ይላል። በ211 ምክንያት ጎረቤት ሁሉ ለእናቴ «ልጅሽ እንቅልፍ አሸንፎት ነው አሉ፣ ምን ታደርጊዋለሽ» እያለ ያጽናናታል፤ እሷም ሰው ሲወጣ፣ ያን ዕለት ቀስቅሼው አልነበረም ወይ ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። እኔ በአሥረኛ ክፍል እውቀቴ ሁለቱን ደብዳቤዎች ማስታረቅ አቃተኝ። መምረጥ ግን የእርስዎ ሙያ ነው።

ስለዚህ ባትሪውን ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። አብሮት የመረከቢያ ወረቀት አለ፤ ጽሑፉም «አምባው ወልደሚካኤል በሥራው ላይ ቆሞ ሲሞት ያበራበት የነበረውን ባትሪ ተረክቤአለሁ» የሚል አንድ መስመር ነው። ከፈረሙ 211 ሐሰት ነው፤ ቸልተኝነት የሚለውንም ቃል በዚያችው ቀይ ቀለም ይሰርዙልናል። ካልፈረሙ ደግሞ ባትሪ የሚባል ነገር አልነበረምና፣ ያልነበረ ንብረት ስለመለስንልዎ በምስጋና ይጻፉልን።

ከዘጠኙ አንዱም እንዳይደክምብዎ፣ ኪስዎም ከብርሃን እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ በማይጨልም ቢሮዎ ፊት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

ቀናው ወልደሚካኤል
የቸልተኛው ወንድም

ግልባጭ፦
ለጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ባዩ ቁጥር ቀጥ ብለው ለሚቆሙት ለአቶ ሁንዴ
በሳሪስ ባትሪ ለሚሸጡ ባለሱቆች፣ ቃሉን እንዲያርሙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ከነድንጋዩ» ብለዋልና ባዶውን አልላክሁትም። የድሮዎቹን ሁለቱን ከእናቴ ማስጣል አልቻልኩም፤ አሁንም ሌሊት ሌሊት ብብቷ ውስጥ ታሞቃቸዋለች። በእነሱ ፈንታ በግንቦት በፈቀዱት መሠረት ወንድሜ ከወደቀበት ሐዲድ ዳር ለቀፎው የሚሆኑ ሁለት ድንጋዮች መርጬ አጉርሼዋለሁ። አይበራም፤ እጅ ላይ ግን ይከብዳል።