ያልተበሳችው ሰማያዊ ጀሪካን

ጥቅምት 4

ዛሬም ስልጠና። ዛሬም ሰማያዊዋን ጀሪካን ታቅፌ ታክሲ ተጋፋሁ። "ዘይት ነው እህቴ? ከየት አገኘሽ?" አለኝ ረዳቱ። የተባይ መርዝ ነበረበት ብለው ኖሮ ታክሲው በሙሉ ለኔ ይለቀቅልኝ ነበር። ጀሪካኗን ወደ ጉልበቴ ሳብኳት። ደክሞኛል።

አዳራሹ ውስጥ ገበሬዎች፣ ጥግ ላይ የፀረ-ተባይ መድኃኒት ሻጩ። ያው የተለመደው የዓለም አቀፉ መመሪያ... ጓንት አድርጉ፣ መድኃኒቱን ወደ ውሃ ኮዳ አትገልብጡ፣ ባዶ ጀሪካኑን ሦስቴ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩ፣ ከዚያ ጀሪካኑን ብሱና ለሻጩ መልሱ። ሦስቴ አለቅልቄ አሳየኋቸው። መብሳቱን በአፌ ብቻ። ብበሳት በምን ላስተምር? ሌላ ስጠኝ ስለው አለቃዬ "ያለችሽን በቁጠባ ያዢ" ነው መልሱ።

ሻጩ እጁን አወጣ። "ይሄ ዓለም አቀፍ መመሪያ የምትዪው... ግዴታ ነው?"

"አይ፣ በውዴታ ነው።"

"እንግዲያው እኔ አልወደድኩትም። የሰው ባዶ ጀሪካን ሱቄ ውስጥ ልከምር?"

አዳራሹ በሳቅ አለቀ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ውደዱልኝ እያልኩ ልለምን?

ጥቅምት 5

እግሬ አብጧል። ቢሮ ሄጄ ዝም ብዬ ተቀምጬ ዋልኩ።

ጥቅምት 9

የአክስቴ ጎረቤት ደወለች። አክስቴ ከታመመች ሰነባብታለች። ሆዷን ይቆርጣታል፣ ያዞራታል። ለኔ እንዳይነግሩኝ ከልክላቸው ነበር አሉ። ያሳደገችኝ ሴት... ሥራ በዛብኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ቀረሁባት? ነገ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 10

አክስቴ ጋ ሄድኩ።

ገርጥታለች። አፏ ግን እንዳለ ነው። "መጣሽ? መሞቴን ልታረጋግጪ?" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ውሃ ቀዳችልኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬ ቀና ስል... ጓዳው ጥግ ውሃው የተቀዳበት ሰማያዊ ጀሪካን። የኔዋ ቢጤ። የመርዙ የራስ ቅል ምልክት እንኳ አልተላጠም።

"አክስቴ! ይሄ ከየት መጣ?"

"ስልጠናችሁ ላይ ከሚመጣው መድኃኒት ሻጭ ባዶውን ገዝቼው ነዋ። ምን ያስጮህሻል? ደግሞ ሦስቴ አለቅልቄዋለሁ። አምና ስልጠናው ላይ አንቺው አይደለሽ እንዴ ስታለቀልቂ ያየሁሽ? አለቅልቀሽ ስታበቂ ታቅፈሽው ወደ ቤትሽ ሄድሽ። መርዝ ቢሆን ታቅፊው ነበር?"

ስበሳ አይታኝ አታውቅም። ማንም አይቶኝ አያውቅም።

"ለጎረቤቶቼም ነግሬያለሁ" አለች፣ በኩራት። "ልጄ ናት ያስተማረችን ብዬ።"

ውሃውን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት። እሷን ደግፌ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ጥቅምት 11

ሐኪሟ የጀሪካኑን ፎቶ አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ከዚህ በኋላ ከዚያ ጀሪካን አንድ ጉንጭ እንዳትቀምስ። ለጥቂት ቀን እዚሁ እንያት።" አክስቴን አልጋው ላይ እንዲህ አንሳ አይቻት አላውቅም። ብትሞትብኝስ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ስትነቃ መጀመሪያ ያለችኝ፦ "እሺ፣ ጀሪካኔን ካስጣልሽኝ ውሃ በምን ልቅዳ?"

የዚህ መልስ መመሪያው ላይ የለም።

ጥቅምት 16

ተመስገን፣ ወጣች። ከቤቴ ሁለት የዘይት ጀሪካን ወሰድኩላት። አገላብጣ አየቻቸው።

"እነዚህስ ምን ነበረባቸው?"

"ዘይት።"

አላመነችኝም። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ከፋኝ።

ጥቅምት 19

ጎረቤቷ እየሳቀች ደወለች። አክስቴ መዶሻና ሚስማር ይዛ ቤት ለቤት እየዞረች ነው። "ልጄ ያስተማረችን ግማሹን ነው፣ ቀሪው ይሄ ነው" እያለች የመርዝ ጀሪካን ትበሳለች። ባዶ ጀሪካን አልከምርም ያለው ሻጭ ለሽያጭ ደጁ ላይ የደረደራቸውንም ሄዳ መብሳት ጀመረች። "ማን ፈቀደልሽ?" ብሎ ሲጮህባት "ማንም። በውዴታ ነው" አለችው አሉ።

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ግማሹን... እውነቷን ነው።

ጥቅምት 23

ስልጠና። ሦስቴ አለቀለቅኩ። ከዚያ ከቦርሳዬ መዶሻና ሚስማር አወጣሁ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ "ኧረ ያለችን እሷው ናት!" አለ። ጀሪካኗ ላይ ሚስማሩን መታሁት። ታቿን፣ ጎኗን፣ እንደገና ታቿን። ውሃ ሳፈስባት በየቦታው ተንዠቀዠቀች። ጫማዬ ራሰ።

ከኋላ አንዲት ሴት፦ "ታዲያ አምና ለምን አልበሳሻትም?"

"ሳስቼላት" አልኩ።

"እኔ ቤት ሁለት አሉ" አለችና ተነስታ ወጣች። ሌላ ሴት ተከተለቻት። ከዚያ ሁለት ወንዶች... ንግግሬን ሳልጨርስ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። ሁሉም ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው። ጀሪካኗን እዚያው ለአለቃዬ ትቼ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ለየኝ። "ዛሬ ዘይትሽስ?"

"መርዝ ነበር" አልኩት።