የልቦለዱ ባልና ሚስት

ላምበረት፣ የካቲት 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ነጅመዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የልቦለዴን ረቂቅ አንብበህ «ባልና ሚስቱ እንደ ሬዲዮ ያወራሉ፤ መዋደዳቸውን አላመንኩም» ያልከኝ ልክ ነው። ሳልህም አንብቦ ስቆብኝ ነበር። «ሰባት ዓመት በትዳር ስንኖር የልቤ ጨረቃ ብዬሽ አውቃለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ወሰን ሰፈር ካለው ጋራዥ ከሥራው ሲመጣ የሚለኝ «በላሽ?» ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጠኛውን ንግግር ሁሉ ሰርዤ፣ ሴትየዋ የባሏን ሹራብ ስትጠግን እሱ መርፌው ላይ ክር ሲያስገባላት ጻፍኩ። አሁን ሰው መሰሉ።

ሳልህ ለጥያቄ ቀበሌ ከተጠራ ሦስት ሳምንት ሆነው። ምሳ በየቀኑ አደርስለታለሁ። የምሳ ዕቃው ሁልጊዜ ታጥቦ ነበር የሚመለስልኝ፤ ያጠበው እሱ እንደሆነ አውቅ ነበር። ማክሰኞ ግን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። ዘበኛው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ከአሁን በኋላ አታምጪ» አለኝ። ምናልባት ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል። ረቡዕም ሐሙስም ይዤ ሄድኩ፤ አልተቀበሉኝም።

ልቦለዱ የመጨረሻው ምዕራፍ ቀርቶታል። ባልየው ከመንገድ እንዲመለስ አድርጌ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሴትየዋ ምን እንደምትለው ግን አልመጣልኝም።

እማዬ ስለ ሳልህ ከጠየቀችህ ሥራ በዝቶበታል በላት። ዱዓችሁ አይለየን፤ አላህ ሁላችንንም ሳያጎድል ያገናኘን።

እህትህ ሳፊያ