ዘጠኙን ልጆች በየስማቸው ያስተማሩት የመምህርት ድንቅቱ ጂራ የሕይወት ታሪክ

ይህን ታሪክ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ጽፈውት ነበር። ሲነበብልኝ ልደት አለ፣ ሰርተፊኬት አለ፣ የጭልሞው ጉብኝት የለም። የት ሄደ ብል፣ «እማማ፣ ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እርስዎ ያልቅሱ» አሉኝ። ማልቀሱን አውቅበታለሁ። ያሳደግኳትን ልጅ ታሪክም አውቀዋለሁ። ስለዚህ እኔ የአባቷ እህት አስካለች ፉፋ እየተናገርኩ ባለቤቷ ጽፎታል። አንድ ቃል እንዳይጨምር አስምዬዋለሁ፤ ሦስት ጊዜም አስነብቤዋለሁ። ቤት ውስጥ አንቺ የምላት ልጅ ብትሆንም ለወረቀቱ ክብር እሳቸው እላለሁ።

መምህርት ድንቅቱ ጂራ ከአባታቸው ከኦቦ ጂራ ፉፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኡርጌ ዳዲ፣ በደንዲ፣ ከጭልሞ ደን ጥግ፣ በግንቦት ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ በእኔ እጅ አደጉ። ጥጃ ሲጠብቁ ስለኖሩ የመንደሩን ከብት ሁሉ በየስሙ ይጠሩ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ጊንጪና አምቦ ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1967 ዓ.ም. አምቦ ከተማ ማስተማር ጀመሩ። በ1970 ዓ.ም. ከድሬሰር ቱፋ ቀንዓ ጋር ተጋብተው ጌጤነሽንና ጉዩን ወለዱ። ባለቤታቸውን መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር፤ መርፌ ይዞ የሚስቅ ሰው ደስ አይለኝም። ደህና ሰው ሆኖ ተገኘ።

በጥር ወር 1978 ዓ.ም. የከተማ ተማሪዎቻቸውን በጭነት መኪና አሳፍረው መንደራችን መጡ። ትምህርት ቤት አይተው ለማያውቁ ልጆች ደብተር፣ እርሳስና የተሰበሰበ ልብስ ሊሰጡ፣ ለመስከረምም ጊንጪ ሊያስገቧቸው ነበር። እኛ ያየነው ግን መኪናና መዝገብ ነው። በፊተኛው ዓመት መኪናና መዝገብ አብረው የመጡ ጊዜ፣ ስማቸውን የሰጡ ጎረቤቶቻችን ለሰፈራ ተጭነው ሄደዋል፤ እስከ ዛሬ ወሬያቸው የለም። ደግሞስ ሹራብ በነጻ የሚያድል ሰው ምን ፈልጎ ነው? ድንቅቱ አብረው መምጣታቸው እንኳ አላሳመነኝም፤ እሳቸውንም አታለዋቸው ይሆናል አልኩ። ሴቶቹን ከጎተራ ጀርባ ሰብስቤ፣ «የልጅ ስም እንዳትሰጡ፤ የላም ስም ስጡ» አልኳቸው።

መዝጋቢው የከተማ መምህር ምን ያውቃል? ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ማጋላ እያለ ዘጠኝ ልጅ ጻፈ። ልጆቹ እየተሳሳቁ ሹራባቸውን ተቀበሉ። ድንቅቱ ግን ላሞቹን ያውቃሉ። የልጅ ልጄ ሲንቄ «ቡሬ» ተብላ ስትጠራ ዞር ብለው አዩኝ። እዚያው ቢያጋልጡን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አሻጥር ብሎ ያስረን ነበር። ሊሄዱ ሲሉ ጠጋ ብለው፣ «አዳዳ፣ ቡሬ በቀን ስንት ትታለባለች?» አሉኝ፤ የአባት እህትን አዳዳ ነው የምንለው። «መኪናው ይሂድና እነግርሻለሁ» አልኩ።

መዝገቡ ትምህርት ቢሮ ሲደርስ ላም የሚያውቅ ሰው ተገኘ። ተቆጣጣሪው አቶ ሙለታ፣ የሌሉ ልጆች ፈጥራለች ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉባቸው፤ ከአምቦም ወደ ጊንጪ አዛወሯቸው። ስሙን የሰጠችው አክስቴ ናት ቢሉ ነጻ ይወጡ ነበር። አላሉም። እኔ ሄጄ ልናገር ስል፣ «እርስዎ ከታሰሩ ሲንቄን ማን ይልክልኛል?» ብለው ከበር መለሱኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጊንጪ በእግራቸው ይመጡ ጀመር፤ ያለ መኪና፣ ያለ መዝገብ። ከእኛ ጋር እያረሙ፣ እየወቁ፣ ስለ ትምህርት አንድም ነገር ሳያነሱ ክረምቱ ገባ። ይህችስ ምን ፈልጋ ነው እያልኩ ስጠብቅ፣ እኔው ራሴ ሲንቄን እጇን ይዤ በመስከረም 1979 ዓ.ም. ከክፍላቸው በር አደረስኳት። ስምንቱ ተከተሉ። በእውነተኛ ስማቸው ገቡ፤ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ናቸው።

መምህርት ድንቅቱ በ1981 ዓ.ም. ማብቂያ ታመው፣ አምቦም አዲስ አበባም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። እኔ ያ ደብዳቤ ነው እላለሁ፤ ባለቤታቸው ይህን አልጽፍም ቢልም አስጽፌዋለሁ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ በእሳቸው እጅ እቀበራለሁ ያልኩትን እኔንም ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በስሟ ጠርቶ፣ ማረፊያዋን ያሳምርላት።

አቶ ሙለታ፣ ከኋላ ቆመው አይቼዎታለሁ። ደብዳቤው ዛሬም ፋይላቸው ውስጥ ስላለ ነው ጉብኝቱ ከታሪካቸው የወጣው። እነሆ ዘጠኙ ልጆች ሬሳው አጠገብ ናቸው፤ ይቁጠሯቸው። ያን መዝገብና ያን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ለቅሶ ቤት ይዘው ይምጡ፤ እስክሪብቶም አይርሱ። ደብዳቤውን በሰው ፊት ይቀድዱታል። መዝገቡን ግን እንዳይቀድዱ፤ ስሙን እኔ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ በእጅዎ ያርማሉ። ከቡሬ ይጀምሩ፤ ሲንቄ ናት።