ትከሻዬ ደህና ነው

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ወንድሜ ለጋሼ ቶኩጂ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? የሩዙ ችግኝ ሥር ያዘ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ በጤና በኩል ምንም አልሆንኩም። ባለፈው ሳምንት በስልክ ትከሻዬን ታምሜ ከተኩስ ቡድኑ ቀረሁ ያልኩዎት ውሸት ነው።

የሆነውን ልንገርዎት። ለቡድኑ በሚመረጥበት ውድድር ዕለት ወደ አየር ከሚወረወረው መቶ ሃያ አምስት የሸክላ ዒላማ መቶ ሃያ አንዱን ተኩሼ ሰብሬ፣ ሃያ ዓመት የለፋሁበትን የብሔራዊ ቡድን ማልያ ሲሰጡኝ ከደስታ ብዛት ልቤ በቦታው አልነበረም። ስመለስ እንደ ደንባችን ለሰፈሩ ሰው ጣፋጭ ልገዛ አንድ ሱቅ ደጃፍ መኪናዬን አቆምኩ። ሽንት ቤት እንኳ ስገባ ጠመንጃዬን ከትከሻዬ የማላወርድ ሴት፣ ያን ቀን አሥራ አራት ሳጥን ጣፋጭ የምሸከምበት እጅ አነሰኝና ጠመንጃውን ከነማኅደሩ ኋላ ወንበር ላይ አጋድሜ፣ ካፖርት አልብሼው ወረድኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም። ስወጣ ሁለት ፖሊሶች መኪናዬ አጠገብ ቆመዋል። በዕድሜ የገፋው፣ “ልጄ፣ ይሄ ካፖርት ለብሶ የተኛው ማነው?” አለኝ። ጠመንጃዬ ነው፣ ጣፋጭ ልገዛ ወርጄ ነው ስለው፣ “ታዲያ ጣፋጩን መኪና ውስጥ ትተሽ ጠመንጃውን ይዘሽ ብትዞሪ ማን ይከስሽ ነበር?” አለኝ።

ጠመንጃን ያለ ጠባቂ ትቶ መሄድ በሕግ ክልክል ነውና የጠመንጃ ፈቃዴ ተሰረዘ። ለአምስት ዓመት ጠመንጃ አልነካም፤ በቡድኑም ሌላ ሰው ተተክቷል። አሠልጣኜ አቶ ኡሜሃራ “ቤትሽ ሄደሽ ተኚ” ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን የጎረቤታችን የእማማ ኪኑ ነገር ነው። የመጀመሪያ ፈቃዴን ላወጣ ስል ፖሊሱ ስለ ጠባዬ ጎረቤት ሊጠይቅ የመጣ ጊዜ፣ “ይህቺ ልጅ አደራ አትበላም። እሷን ካላመንክ እኔንም አትመነኝ” ብለው ነበር ያሰናበቱት። ትናንት ከእሳቸው ጥቅል ደረሰኝ፤ ትከሻ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት። በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው የመቅደሱን ደረጃ ወጥተው ስለ ትከሻዬ ጸልየዋል። “ስትለጥፊው ፀጉርሽን ሰብስቢ፣ ዝርክርክ” የሚል ወረቀትም አለበት። ጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንዱን አውጥቼ ጤነኛው ትከሻዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ወዲያው መልሼ ላጥኩት።

አባታችን ከሞቱ ጀምሮ እርስዎ ጥፋቴን ሁሉ ሲሸፍኑልኝ ኖረዋል። አሁንም ውሸቱን በስሜ ለሰፈሩ ያወሩት እርስዎ ነዎት፤ አመኑኝና አሰደብኩዎት። ይቅር ይበሉኝ፤ ይህንን ግን አይሸፍኑልኝ።

እትዬ ዮሺኤን፣ ባለቤትዎን፣ በጣም ናፍቀሽኛል ብላለች ይበሉልኝ። ልጅዎን ማኪኮን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ አክስትሽ ለውድድር ወደ ውጭ አገር አትሄድም ብለው እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ አልችልም። አባታችን መቃብር ላይ ዕጣን ሲያጨሱ በእኔም ስም አንዲት ይጨምሩ።

ለእማማ ኪኑ ግን ሰላምታዬን አያድርሱልኝ። እሑድ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። እርስዎ ቤት ከመግባቴ በፊት እሳቸው ደጃፍ ቆሜ ራሴ እነግራቸዋለሁ። በሩን ቢዘጉብኝ፣ መጥተው አያስከፍቱልኝ።

እህትዎ ሃሩኤ
ሳይታማ፣ ጁን 6 ቀን 2019