ከደጃፍ እስከ መናኸሪያ

ለውድ እናቴ ለጉዲቱ፤ ጂዳ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጂዳ ሙቀት ከአዳማው ይብሳል? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም ታምሜ ሳይሆን በሠራሁት ሥራ። በስልክ እንዳልነግርሽ አክስቴ ተሻለች ጆሮዋን ደቅና ትቆማለች። ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ወደ ጂዳ ለምትመለሰው ለከሪማ ሰጥቻታለሁ።

አባትሽ፣ አባባ ሰንበታ፣ አያቴ ካረፈች ወዲህ ከዓለም ጤና ከተማ መጥተው እኛ ቤት ግድግዳ ሲያዩ እንደሚውሉ ታውቂያለሽ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሊያጽናኗቸው መጥተው ስለ ገዛ ሪሃቸውና ስኳራቸው ሲያወሩ ዋሉ፤ አጽናኙ አባባ ሆነው አረፉት። በመጨረሻ ሐኪም ቤት፣ ለምክር አገልግሎት ወሰድናቸው። አማካሪዋ ኦሮምኛ አትችልም። አባባ ደግሞ «በአማርኛ ሽንኩርት እሸጣለሁ፤ ሐዘኔን ግን በአማርኛ መናገር አልችልም» አሉ። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

«በሁለት ወር ውስጥ ምን ማድረግ ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» ብላ ጠየቀች። አባባ፣ «ጠዋት ደጃፍ ወጥቼ አላፊ አግዳሚውን ‹አካም ቡልተን› ብዬ ሰላም ማለት» አሉ። እኔ አፈርኩ። አይሱዙ ሙሉ ሽንኩርት ሲያስጭኑ ያየኋቸው ሰውዬ ምኞታቸው ደጃፍ? «ብቻዬን ተሳፍሬ ዓለም ጤና ገበያ ልሂድ ነው የሚሉት» ብዬ ተረጎምኩ። «አልበዛም?» አለች። «እሳቸውን አያውቋቸውም» አልኩ፣ እግሬን አነባብሬ። ለአንቺም በስልክ ያንኑ ነው ያወራሁልሽ።

ለመጀመሪያው ሳምንት እስከ መናኸሪያ ብቻቸውን እንዲሄዱ ተባለ። አባባ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያዘዘውን አያጓድሉም፤ ሄዱ። ግርግሩ አዙሯቸው አስፋልት ዳር ተቀምጠው ሲያገኛቸው፣ ጎረቤታችን አብተው በባጃጁ አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ «ሐኪሟ ያዘዘችውን እንኳ አልቻልኩም፤ እኔ የምድን አይደለሁም» ይላሉ።

ትናንት ሄጄ ለአማካሪዋ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ግቡ የሳቸው ነው፤ የሚያድናቸውም ትንሽ መሆኑ ነው» ብላ፣ ለአባባ ራሴ እንድነግራቸው ላከችኝ። ነገርኳቸው። አተኩረው አዩኝና፣ «ገበያ መሄድ ያማረህ አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት በሩን ከፍተው ቆሙ። አብተው በባጃጁ ሲያልፍ ሰላም አሉት። ድምፃቸው አንሶ፣ ባጃጁም ጮሆ፣ ሳይሰማቸው አለፈ። አባባ ግን በሩን ሳይዘጉ፣ «ነገ ከባጃጁ በላይ እጮሃለሁ» አሉ።

ስትደውዪ ስለ ገበያ አታንሺባቸው፤ ጠዋት ማንን ሰላም እንዳሉ ብቻ ጠይቂልኝ።

አብራሽ የምትሠራውን አሚራን ሰላም በዪልኝ። አክስቴ ተሻለች ሰላም ትልሻለች፣ ይሄን ደብዳቤ ሳታይ። አባባ «ደህና ነኝ በላት» አላሉኝም፤ «እየሞከርኩ ነው በላት» ነው ያሉት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ልጅሽ ማስረሻ
አዳማ፤ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.