ለናሁም ያወረድኩት ሙሾ

ለማከብርዎ ታላቅ እኅቴ ለእትዬ ገንዘብ
ደብረ ብርሃን

ወለላ በሰባ አራት ዓመቷ አሜሪካ ውስጥ ዘፋኝ ሆነች፣ ከወሮበሎች ጋርም ትውላለች ተብሎ የደረሰዎ ወሬ ሐሰት ነው። ዘፋኝ አልሆንኩም። ልጆቹም ወሮበሎች አይደሉም። ድምፄ ግን ዘፈን ውስጥ ገብቷል፤ እንዴት እንደገባ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልጻፍልዎ ብዬ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ልጅዎ ሥዩም እንደሆነ አውቃለሁ። ወሬውን ከስልኩ ላይ አይቶ ያመጣልዎ እሱ ነውና፣ አራት ነጥቡ ላይ እየቆመ፣ ምንም ሳይዘል ያንብብልዎ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? የዓይንዎ ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ ብርሃኑ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የኅዳር ብርድ እዚያ እንዴት እንደሚቆረጥም አልረሳሁትም፤ ጋቢዎን ሳይደርቡ ደጅ እንዳይወጡ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከደም ግፊቱ በቀር ደኅና ነኝ። ልጄ አፀደም ደኅና ናት፤ አሁንም ኤርፖርት ትሠራለች።

እንደሚያውቁት የምንኖረው መንግሥት ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው በሚያከራየው መንደር፣ ዘጠነኛው ሕንጻ ውስጥ ነው። የአፀደ ልጅ ናኦድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። እሱና አራት ጓደኞቹ ከሁለት ዓመት በፊት ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ድሪል የሚባለውን ዘፈን ጀመሩ። ከቺካጎ የመጣ ነው አሉኝ። እኔ እንደገባኝ በከባድ ምት ላይ በእንግሊዝኛ በፍጥነት የሚነገር ፉከራ ነው፤ ሰፈራችን ይህ ነው፣ ማን ይደፍረናል፣ እገሌ ወንድ ከሆነ ይምጣ የሚል። ስማቸውንም በሕንጻው ቁጥር ብሎክ ናይን አሉት። ልብስ ላጥብ ስወርድ እየሰማሁ፣ ግጥሙ ቤት አልመታ ሲል አርማቸው ነበር። ናኦድ አንቱ ማለት አልለመደም፤ እማማ፣ አንቺ ደግሞ ፕሮፌሰር ነሽ እንዴ ይለኛል። ቢሆንም በማግሥቱ ሲዘፍኑ ያረምኩትን አስተካክለው እሰማለሁ።

መጀመሪያ በመንደሩ አዳራሽ ለሠላሳ ሰው ዘፈኑ። ቀጥሎ ደረጃችን ላይ ቆመው ቪዲዮ ቀረጹ፤ በሳምንት አርባ ሺህ ሰው አየው። የሀብታሞች ከተማ ከሆነችው ከቤልቪው ድረስ እየነዱ መጥተው ደረጃችንን ፎቶ የሚያነሡ ወጣቶች አየን። ስሙ ፖሊስ ሲመጣ ብቻ የሚነሣ መንደር በልጆቹ ሲጠራ ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅዎትም።

በነሐሴ ምቱን በኮምፒውተር የሚያቀናብረው ኑሩ፣ የስልጤ ጎረቤቶቻችን ልጅ፣ እማማ፣ ኦልድ ዜማ ስጪን፣ የሚያሳዝን ይሁን አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ዓምና ለናሁም ያወረድኩት ሙሾ ነበር። ናሁም የቀድሞ ጎረቤታችን የወርቅዬ አንድ ልጅ ነው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር፤ እሱና ናኦድ አብረው አደጉ። እናቱ ኪራይ ይረክሳል ብላ ኬንት የምትባል ጎረቤት ከተማ ከወሰደችው በኋላ እዚያ ካሉ ልጆች ጋር ጓደኝነት ገጠመ፤ የእኛዎቹም ከዳን ብለው ጠሉት። ዓምና በዚህ ወር አውቶቡስ ሲጠብቅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ማን እንደመታው እስካሁን አልታወቀም። ለቅሶው ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦

ደረጃውን ስትወርድ እግርህን ሰማሁት፤
መመለሻህን ግን ጠብቄ አጣሁት።

ኑሩ በስልኩ ቀዳው። ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ለቅሶ በሌለበት ቤት ሙሾ አይወርድም ብላ እናታችን የቆነጠጠችንን እያወቅሁ፣ ልጆች ፈለጉኝ ብዬ ልቤ አበጠ።

ዘፈኑ በመስከረም ወጣ። ስድስት መቶ ሺህ ሰው አየው። የአንድ ሙዚቃ ድርጅት ሰው መጥቶ ነገ ማታ መሐል ከተማ፣ ትልቅ መድረክ ላይ እንዲዘፍኑ ቀጠራቸው። እኔ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት፣ የእነሱን የመንገድ እንግሊዝኛ ግማሹን አልይዘውም። መጠየቅ ግን አፈርኩ።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወርቅዬን ልስማት ስጠጋ ፊቷን አዞረችብኝ። ምን ሆንሽ ብላት፣ እማማ ወለላ፣ ለልጄ ያለቀሱትን ለመሳቂያ ይሰጡታል ብዬ አላሰብኩም፤ እርስዎ ናሁምን በእጅዎ ያጎረሱ ሰው ነበሩ ብላኝ ሄደች።

ቤት ገብቼ ናኦድን ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጬ የዘፈኑን ግጥም ቃል በቃል አስጻፍኩት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ጻፍ አልኩት። በፍጥነቱ ሳይሰማኝ ያለፈውን የናሁምን ስም ጠርተው፣ ከዳተኛው አፈር ቅሞ ዝም አለ ይላሉ። ከሥሩ የእኔ ድምፅ ለዚያው ልጅ ያለቅሳል። እነሱ የእኔን አማርኛ ሳያውቁ፣ እኔ የእነሱን እንግሊዝኛ ሳላውቅ፣ እናቱን አብረን ወጋናት።

ናኦድ፣ እማማ፣ ጀስት ሶንግ ነው፤ የኬንት ልጆች ቀድመው ሰድበውናል፣ ዝም እንበል እንዴ አለኝ። ፉከራ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ አባቴም ይፎክር ነበር፤ ግን የሚፎከረው መመለስ በሚችል ሰው ላይ ነው፣ ሙት አይወቀስም አልኩት። ዘፈናችሁን ተዉ አላልኩም። ይህ ግን ይነሣል፤ በሙት ዓመቱም እናቱ ደጅ ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን አልኩት።

በማግሥቱ አምስቱንም ጠርቼ የሙሾውን ትርጉም ነገርኳቸው። ኑሩ ኮምፒውተሩን ከደነና፣ ሶ፣ ለናሁም ነው እንዴ አለ። ለማን መስሎህ ነበር አልኩት። ረቡዕ ዘፈኑን ከኢንተርኔት አነሡት። ትናንት የድርጅቱ ሰው ደውሎ ያ ዘፈን ከሌለ መድረኩም የለም አላቸው። ናኦድ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን አፈረስሽብኝ ካለኝ ወዲህ አያናግረኝም። እውነቱን ነው፤ አፍርሼበታለሁ። ቢሆንም ወደኋላ አልልም። የኬንት ልጆች ያን ስንኝ በቃላቸው ይዘውታል። ይቅርታው ካልቀደመ ዘንድሮ ሙሾ የማወርደው ለራሴ ልጅ ይሆናል።

ሙት ዓመቱ ነገ ነው። ናኦድ እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም።

ለሥዩም ስልኩን ያስቀምጥ ብላለች ይበሉልኝ፤ እሱንም ቢሆን ሳሙልኝ። ለባለቤቱ ለሄዋን፣ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራ ላልኳት ለትንሿ ልጃቸው፣ ጓሮዎን ለሚቆፍሩልዎ ለአቶ ሀብተሥላሴም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አፀደ ጉልበትዎን ስማለች።

ነገ በመጀመሪያ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ ኪኒኔን እውጣለሁ። ናኦድን አንድ ጊዜ እቀሰቅሰዋለሁ፤ ሁለተኛ አልጠራውም። ከዚያ ከሕንጻው ጀርባ ሁለት ድንጋይ መርጬ በከረጢት እይዛለሁ፤ ኬንት ወርቅዬ ደጅ ስንደርስ በትከሻችን ተሸክመን እንቆማለን። ከመጣ ትልቁን እሱ ይሸከማል። ካልመጣ ሁለቱንም እኔ።

ታናሽ እኅትዎ
ወለላ ኃይለ መስቀል
ሲያትል፣ ኅዳር 5 ቀን 2007 ዓ.ም.