የቅዳሜው ጥፋቴ

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ንጋት

የቫዮሊኗ ሁለተኛ ክር ዛሬም ረገበ። የሐይቁ እርጥበት ነው። አከረርሁት፤ ደግሞ ረገበ። ጣቶቼ ቀዝቅዘዋል። ያቺ የምትፈጥነው ክፍል አሁንም ታዳልጠኛለች።

ግድግዳው ተደበደበ። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ መግባታቸው ነው። «አንቺ ስንዱ! የዚያችን ድመት ጭራ ልቀቂላት እንጂ!» ሳቅሁ። እሳቸውም ሲስቁ ተሰማኝ።

ደብተሬ፣ ዛሬ የሚያስከፋኝ የለም። አ.አ. ያሉት የሙዚቃ ት/ቤት መምህሬ ስጫወት ቀርጸው ለውድድር የላኩልኝ ካሴት አለፈ! ወዳጅ ሶሻሊስት አገር። የወጣት ክላሲካል ሙዚቀኞች ውድድር። በቴሌቪዥን ለስንት አገር የሚተላለፍ! እኔ፣ የአንበሳሜዋ የገጠር ልጅ! የቀረው የመሥሪያ ቤት ድጋፍ ብቻ ነው፤ እሱን እኔም የምሠራበት ፋብሪካ የኪነት ኮሚቴ ይፈርማል። ሊቀ መንበሩ ጓ/ ታረቀኝ ምን ችግር አለ ብሎኛል።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ሂስና ግለ ሂስ። የኪነት ቡድኑ በየቅዳሜው አለበት። ሰዉ ሁሉ አንዳንድ ጥፋት ይዞ ይመጣል፤ ትንሽ፣ የማትጎዳ። ከበሮ መቺው ዘለቀ ዘወትር «አረፈድሁ» ነው የሚለው። እኔ በደስታዬ ምንም ሳላዘጋጅ ሄድሁ። ተራዬ ደረሰ። ቫዮሊን ለብቻዬ ማጥናት አበዛለሁ፣ ለጓዶቼ የሚገባውን ጊዜ እወስዳለሁ አልሁ። አጨበጨቡልኝ። ጥሩ ጥፋት መረጥሁ አልሁ በልቤ። በትጋት የሚከሰስ ማን አለ?

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ለካ እከሰሳለሁ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ በረንዳው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ጓ/ ታረቀኝ ወጣ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ድጋፉ አልተፈረመም። ግለኝነት። በሽታው ሳይድን ውጭ አገር ቢላክ ይብስበታል ተባለ።

«እኛ አላልንም እኮ ጓዲት። አንቺው ነሽ ያልሽ።»

ከልቡ ነው። ያ ነው የሚያንገበግበኝ። በክፋት ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር።

ዘለቀ እያለፈ በጆሮዬ፦ «አረፈድሁ ብትይ ምን ነበረበት? ይኸው እኔ ስንት ዓመቴ፣ ማንም አልነካኝ!»

ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ወደ ደቅ ደሴት የሚሄደው ጀልባ ሰውና ጆንያ ጭኖ ይነሳል። ቫዮሊኗን ልወረውራት አሰብሁ። አልወረወርሁም። የመንግሥት ንብረት ናት።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ቫዮሊኗን አልነካኋትም። አልጋው ሥር ናት። በልምምድ «ወደፊት ጓዶች» ዓይነቱን መዝሙር በአዳራሹ አሮጌ ቫዮሊን ከቡድኑ ጋር እገዘግዛለሁ፤ በቃ። ሁሉም ተሻሻለች ይላል።

ጠዋት እትዬ ብርቄ በር አንኳኩ። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። «ምነው፣ ድመቷ ሞተች?»

ሞተች አልኋቸው። በሩን ዘግቼ አለቀስሁ።

ጥር 14፣ ረቡዕ፣ ማታ

ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ እንዲገባ ታዘዘ። ዓምና ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የመጣው ቴሌቪዥን ተከፈተ። ውድድሩ። የእኔው ውድድር!

ጓ/ ታረቀኝ ተነሣና ባለሙያችን ጓዲት ስንዱ ታብራራልን አለ። ምን ላድርግ? አብራራሁ። ይኼ ፒያኖ ነው፣ እነዚያ ዳኞች ናቸው እያልሁ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ወጣች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ቫዮሊኗን አገጯ ሥር ወሸቀች። ጀመረች። ያው ሙዚቃ! ካሴቱ ላይ ያለው፣ ንጋት ንጋት የማጠናው። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ብቻቸውን ይሄዳሉ።

እትዬ ብርቄ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ ይቺ ልጅ የስንዱን ነው የምትጫወት! እኔ በግድግዳ የምሰማው እኮ ነው! ምነው ባለቤቷን ሳይጠሩ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያቺ የምትፈጥነው ክፍል ስትመጣ ግን ትንፋሼን ያዝሁ። ልጅቱን አላዳለጠቻትም።

ጭብጨባው ሲቀልጥ ጓ/ ታረቀኝ ወደኔ ዘንበል አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ትጋት ማለት ይኼ ነው፣ ጓዲት! ለመሆኑ በቀን ስንት ሰዓት ብታጠና ነው?»

ብዙ፣ አልሁት። ለብቻዋ።

በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ምንም አልገባውም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ንጋት

ከአልጋው ሥር አወጣኋት። አቧራዋን ጠረግሁ። ሁለተኛው ክር ረግቧል። አከረርሁት። ያቺ ክፍል ዛሬም አዳለጠችኝ፤ ደገምሁ፤ አዳለጠችኝ፤ ደገምሁ። ግድግዳው አልተደበደበም። እትዬ ብርቄ ግን ገብተዋል፤ ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰምቻለሁ።

ከሰዓት ሂስ አለ። ዘለቀ ያው አረፈድሁ ይላል። እኔም ተራዬ ሲደርስ እነሣለሁ። ጥፋቴ የዚያ ቅዳሜው ነው እላለሁ፤ ለብቻዬ አጠናለሁ። ልተወው ሞክሬ ነበር፤ መተዉን ግን አልደግመውም። ይጻፉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ያጨብጭቡ እንደሆነ ያጨብጭቡ።